እረኛ የሌለው መንጋ

ባቡሩ መተሐራን አልፎ አዋሽ ፓርክ ሲገባ፣ ሽማግሌው ለአምስተኛ ጊዜ ወደ ከሚሴ ደወለ። "ሙህዲን፣ ላሚቱ ወለደች እንዴ? አደራህን፣ ከአጠገቧ አትራቅ!" ከብቱን ጨፋ ሜዳ ላይ ለጎረቤቱ ለሙህዲን ትቶ መምጣቱ እንደ እግር እሾህ እየወጋው ነበር። ስልኩን ጨብጦ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ዙቤይዳ፣ ሐረሩ ይቅርብን። ከድሬዳዋ እንመለስ።" አርባ ዓመት ሙሉ ሐረርን እንይ ባለችው ቁጥር "ከብቱን ለማን ጥዬ?" ሲላት ኖሯል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ድንገት ሽማግሌው ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ሎን ኩን ከን ኤኙቲ?" ሲደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። "የማን ከብት ነው እንዲህ ሜዳ ላይ የተበተነ? ኧረ ባለቤታቸው ይፈለግ!" ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀጠነ ሃያ ያህል እንስሳት ሣር ይግጡ ነበር።

"ሳላ ናቸው፣ የዱር አውሬ። ላያቸው ከጧት ጀምሮ ስጠብቅ ነበር" አለች ዙቤይዳ። "ይቀመጡ እንጂ አንቱ።"

"እረኛስ?"

"አላህ አለላቸው።"

አንዲት ትንሽ ጥጃ እናቷ ሆድ ሥር ገብታ ትጠባለች። ሽማግሌው ከዓይኑ እስኪጠፉ ድረስ አንገቱን አዙሮ ተከተላቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ስልኩን አጠፋና የሚስቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ" አላት። "ሐረርን አይተሽ ስትጠግቢ ትሰጭኛለሽ።"