መጀመሪያ ለአፍንጫው

«ኧረ መጀመሪያ ለአፍንጫው! ሥርዓት አለ እንጂ!» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ሊጎነጭ ያለውን የመኪና መንዳት አስተማሪ ክንድ ለቀም አድርጎ። አስተማሪው እየሳቀ ኮክቴሉን በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወደ መነጽር ሠሪው ያንሸራትታል።

እዚህ ቤት እሁድ ከሰዓት፣ ውስኪም ይሁን ቢራ፣ መነጽር ሠሪው ሳያሸተው ማንም የያዘውን አይቀምስም። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው። የሰው አፍንጫ ላይ መነጽር ሲሰካ የሚውለው ሰውዬ የራሱ አፍንጫ ጉድ አሰኘና ስሙ ቀርቶ «አፍንጫው» ተባለ። ታዲያ ማን ይንገራቸው? ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ክፉ ጉንፋን ጣለው፣ እሱ ተነሳ፣ ማሽተቱ ግን አብሮት አልተነሳም። ሽንኩርት ቢያር አያውቅ፣ ጋዝ ቢፈስ አያውቅ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን አይቶ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሰርቆ አንብቦ ነው የሚያወራው። አንተ ውሸታም፣ ይላል ራሱን በየእሁዱ። ግን አፍንጫው ከሌለ እሱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምንድን ነው?

አሁንም ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ያሸታል። አስተማሪው ፊት ሦስት የተጨመቁ ሎሚዎች ተጋድመዋል።

«ሎሚ አብዝተሃል።»

«ይኸው! አላልኩህም?» ሰፊው ጠረጴዛውን በመዳፉ ይመታል። «ከዚህ ሰውዬ ምን ይደበቃል!»

ዛሬ በአራተኛው ጓደኛቸው፣ በሰዓት ሠሪው ወንበር ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች። ሰዓት ሠሪው ከሞተ ሁለት ወሩ ነው፤ እሷ እዚህ ቤት ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጉልበቷ ላይ የነበረውን ቦርሳ ከፍታ አንድ ጠርሙስ ታወጣለች። ሁሉም ያውቁታል። ባልየው ዓመት ሙሉ ይዞት ይመጣ የነበረው ውስኪ ነው፤ «ከሌላ አልደባልቅም» ብሎ ከራሱ በቀር ለማንም ስለማይቀዳው «ቋጣሪው» እያሉ ሲቀልዱበት ነበር።

«እኔ መጠጥ አላውቅም» ትላለች። «ግን ለአንድ ሰው የምትሆን አለችበት። ለእሳቸው ብቻ ነው የምቀዳው፣ እንዳትቀየሙኝ።»

ብርጭቆው መነጽር ሠሪው ፊት ይቀመጣል። ቀለሙ ደማቅ ቡናማ ነው፣ ጥርት ያለ። ለሟች ወዳጁ ሲል ዛሬ አሳምሮ መዋሸት ይፈልጋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በረዥሙ ይስባል።

«ማር አለው» ይላል ቀስ ብሎ። «የቆየ እንጨት... ከኋላ ደግሞ ጭስ። ይሄ ቢያንስ የዐሥራ ስምንት ዓመት ውስኪ ነው። ወንድማችን የሚጠጣውን ያውቅ ነበር!»

«ያውቅ ነበር!» ይላል አስተማሪው፤ ድምፁ ይሰበራል።

መነጽር ሠሪው ይጎነጫል። ማሽተቱ ቢከዳውም የመጠጥ ማቃጠል ከድቶት አያውቅምና ጉሮሮው ላይ ይጠብቀዋል። የሚያቃጥል ነገር የለም። ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ መረር ይላል፣ ከሥሩ ስኳር አለው።

ሻይ ነው።

ጆሮው ድረስ ይግላል። ከደቂቃ በፊት ማር፣ እንጨት፣ ጭስ ብሏል፤ ለሻይ ዕድሜ ቆጥሮለታል! ሴትዮዋን ቀና ብሎ ያያታል። አሁን አፏን ከፍታ ታዋርደዋለች። እሷ ግን ፈገግ ብላለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰፊው የከፈተው ቢራ አረፋው ገንፍሎ ሁለቱ ወንዶች ጨርቅ ፍለጋ ሲተረማመሱ ወደ መነጽር ሠሪው ጠጋ ትላለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ትላለች በሹክሹክታ። «ዛሬም ሸፈኑለት።»

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ‹ከጠጣህ ትሞታለህ› ካለው ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀመሰም እኮ። ከእናንተ መለየት ደግሞ አልሆንልህ አለው። እሁድ እሁድ ጠዋት ሻይ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ እዚህ ውስጥ እገለብጥለት ነበር። ዛሬም እኔው ነኝ ያፈላሁት። የመጀመሪያ ቀን ብርጭቆውን ለእርስዎ ሲያቀብል እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ራሱ ነው የነገረኝ። ‹አሸተተው፣ አወቀብኝ፤ ግን ግሩም ነው ብሎ መለሰልኝ› አለኝ። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ‹የሚያውቅልኝ አንድ ሰው አለ› እያለ ነው የሞተው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። ያን ቀን ትዝ ይለዋል፤ «ግሩም ነው» ያለው ሌላ ጥያቄ ሳይመጣበት ብርጭቆውን ቶሎ ለመመለስ ነበር። የሰውዬውን እጅ እንኳ አላየም። ዓመት ሙሉ ክርን ለክርን ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን እየፈራ፣ ሁለቱም ሲዋሹ ኖረዋል። አንዴ ቢናዘዝለት ኖሮ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

«የኔ እህት፣ እኔ እኮ...»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት?» ታቋርጠዋለች። «ቅርንፉዱ አይበዛም ነበር? ሁሌ በሱ ስንጨቃጨቅ ነበር። ሽታው ያጋልጠኛል ይለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ካለሱ ሻይ አይመስለኝም።»

ፊቷን ያያል። ከልቧ ነው የምትጠይቀው፤ ከእሱ በቀር የምትጠይቀው ሰው የለም።

«ልክ ነበር» ይላታል። «ሁሌም ልክ ነበር።»

እሷ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። እሱ ጥቂት የቀረችበትን ብርጭቆ ያነሳና አፍንጫው ሥር ይደግነዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ደረቱን እስኪያመው ድረስ ይስባል። ቅርንፉድ የለም፣ ሻይ የለም፣ የመስታወቱ ቅዝቃዜ ብቻ ከንፈሩን ይነካዋል።