የታዲዮስ ቮልስ

«ላሜራው ሙሉ በሙሉ ተራቁቷል ወይስ የድሮው ቀለም አለበት?» አለች የመኪና ቀለም ባለሱቋ።

መኳንንት ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ጠመኔ እንጂ የቀለም ብሩሽ ይዞ አያውቅም።

«ተራቁቷል» አላት። «በሩም፣ ኮፈኑም፣ ጣሪያውም። ልጄ ነው በብርጭቆ ወረቀት የፋቀው።»

«ዝገትስ?»

«ጎኗ ላይ ጀማምሯታል።»

ዝናቡ ከገባ ሳምንቱ ነው። የልጁ የታዲዮስ መኪና ዓለም ባንክ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ እንደተላጠ ድንች ቆማለች። መኳንንት ጠዋት ጠዋት በመስኮት ሲያያት ቡናማው ነጠብጣብ ከትናንቱ ሰፍቶ ይጠብቀዋል። ዛሬ አላስችል አለው። ከመኪናዋ ውስጥ ያገኘውን የሱቅ ካርድ ኪሱ ከቶ በታክሲ አየር ጤና ወረደ። ካርዱ ላይ «ሌሊሴ» ተብሎ የተጻፈው ስም የዚህች ሴት ነው።

ሌሊሴ ሁለት ጣሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ፕራይመር ነው፤ ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባው። ብቻውን ግን ውሃ አይመልስም፣ ላዩ ቀለም ካልለበሰ ከሥር ይዝጋል። ፈዘዝ ላለ ቀለም ነጩን፣ ጠቆር ላለ ግራጫውን ነው የምንሰጠው። ቀለሟን ምን ሊያደርጓት ነው?»

መኳንንት ዓመት ሙሉ ልጁ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ ከዚያች መኪና ሥር ሲገባ እያየ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ልትቀባት ነው ብሎ አልጠየቀውም። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነበር፤ «ይችን ብረት ለቁራሌው የምትሰጠው መቼ ነው?»

«ለመሆኑ ምን ዓይነት መኪና ናት?» አለች ሌሊሴ።

«ቮልስ።»

የሌሊሴ ፊት በራ። «የታዲዮስ አባት ነዎት እንዴ! ለዚህ ነዋ፣ ቁርጥ እሱን! ምነው ጠፋ? እሱስ ለምን አልመጣም?»

ታዲዮስን የአንድ ሳምንት ሕመም ከነጠቃቸው አርባው አልፎ ሌላ ሁለት ሳምንት ሆኗል። «ሞተ» የሚለውን ቃል ካህኑ ብለውታል፣ ጎረቤቱ ብሎታል፣ የልጁ እናት እሙ እያለቀሰች ብላዋለች። መኳንንት ግን ያንን ቃል እስከ ዛሬ በአፉ አውጥቶት አያውቅም። ጥቁር ሸሚዙ እንዳይታይ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ።

«መስክ ወጥቷል» አላት።

«አይ ታዲ! ሦስቴ መጥቶ ሳይወስን ነው የሄደው።» የቀለም ናሙናዎቹን ገልጣ ሁለት አሳየችው፤ አንዱ ክሬም፣ አንዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። «ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። ክሬሟን ይወዳታል። ግን ‹አባቴ ጭቃ ባየባት ቁጥር ይነጫነጫል› ይላል። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ‹ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ለመሳለም ታክሲ ሲጋፋ ማየት ሰልችቶኛል፣ የምለፋው ለሱ ነው› ይለኛል ሁሌ።»

መኳንንት የባንኮኒውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። ይወዳታል፣ ይላል፣ ይለኛል። በዚህች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ታዲዮስ ገና ያወራል፣ ገና ያመነታል። ጥቂት ብትቀጥልለት ወደደ።

«ታዲያ ለምን አይደውሉለትም?» አለች። «እሱ ይወስንና ፕራይመሩን እኔ አወጣለሁ።»

እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ደጅ ወጥቶ ካፊያው እንዳይነካው ከቆርቆሮው ሥር ቆመና የልጁን ቁጥር ነካ። ለማስመሰል ያህል ነው፤ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለዋን ሴት ሰምቶ ሊመለስ።

ስልኩ ጠራ።

ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ሃሎ?» የእሙ ድምፅ ነው። «መኳንንት? ስልኩ ላይ ‹አባዬ› የሚል መጣ… ‹አባዬ› የሚል።»

«ቻርጅ ታደርጊዋለሽ እንዴ?»

«በየቀኑ። አላየኸኝም?»

አላያትም። አንድ ቤት እየኖሩ አላያትም። «የመኪናዋን ቀለም ልገዛ መጥቼ ነው» አላት። «ክሬም ይሻላል አረንጓዴ?»

«አንተ ምረጥለት» አለችው እሙ። «ብቻ ስልኩን አትዝጋው።»

ስልኩን ከጆሮው ሳይነቅል ተመልሶ ገባ፤ ጣቱንም ክሬሟ ላይ አሳረፈ።

«ክሬም ይሁን አለ?» አለች ሌሊሴ ነጩን ጣሳ እየሳበች።

«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።» የጃኬቱን ዚፕ ወደ ታች ሳበ። «ታዲዮስ ሞቷል። ልጄ ሞቷል።»

ሌሊሴ የሳበችውን ጣሳ ለቀቀች። ቃሉን የሰማችው ግን እሷ ብቻ አልነበረችም። ከስልኩ ማዶ እሙ ትንፋሿን ስትስብ ተሰማው፤ ከዚያ ለቅሶዋ መጣ፤ ያ እስከ ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያሳለፈው ለቅሶ። አሁን አልዞረም። ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ባለሱቋ ፊት፣ አብሯት አለቀሰ።