የተመዘዘው ጥለት

ምንተስኖት ቅዳሜ ከሰዓት እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በመርፌ ክር በክር ስትመዝ አገኛት። ነጠላው ሟቹ አባቱ ለሰርጋቸው በእጁ የሸመነላት ነው። ጥለቱ የበሰለ በርበሬ የመሰለ ቀይ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«አልሰማህም እንዴ? ይህን ቀለም አንድ ኩባንያ ለዓርማው አስመዝግቦታል። ከእንግዲህ ለብሶት ደጅ የወጣ ይቀጣል፤ ልብሱም ይወረሳል። ነጠላውን ጨርሼ ከማጣው ብዬ ነው።»

 ዓርማውን የሠራው ምንተስኖት ራሱ ነበር። ኩባንያው ማንም ያልያዘው ቀለም እንዲያመጣ ሲጠይቀው፣ በልጅነቱ ከእናቱ ትከሻ ላይ የማይጠፋው ይህ ጥለት ትዝ ብሎት ዓርማውን በዚሁ ቀይ ሣለው። የተመዘገበ ቀለም ሌላ ሰው እንዳይለብስ የሚከለክለውን ሕግ አሳምሮ ያውቀዋል፤ እዚህ በረንዳ ድረስ ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም።

«የመረጠው ሰው ግን ዓይን አለው» አለች እናቱ ሌላ ክር እየሳበች። «አባትህ ቢኖር ኖሮ ‹ይህስ ቀለም ያውቃል› ይለው ነበር።»

ምንተስኖት ከዚህ በላይ መስማት አልቻለም።

«የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። የወሰድኩትም ከዚሁ ነጠላ ነው።»

እጇ ባለበት ቆመ። ብትቆጣው በተሻለው ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና ነጠላውን ከነመርፌው ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«እንግዲያው የቀረውን አንተ ምዘዘው። የኔ አንጀት አልችል ብሏል።»

ምንተስኖት የመጀመሪያውን ክር ሲስብ፣ እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።