ጠርሙስ አዟሪዋ

በባቱ ዙሪያ እንደ እኔ ሻምፓኝ የሚያዞር ሰው ካለ ይምጣና ይግጠመኝ። አባዬ ከራሳችን ማሳ ወይን ይጠምቃል፤ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ፈልቶ አረፋ ሲያበጅ ግን ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹ አፋቸውን ቁልቁል ደፍተው ጣውላ ላይ ይሰካሉ። አተላው አንገታቸው ላይ እስኪወርድ ድረስ በየቀኑ አንድ በአንድ ትንሽ ትንሽ አዞራቸዋለሁ። ስድስት መቶ ጠርሙስ ነው፣ ቀልድ መሰላችሁ? አባዬ "እጅሽ ያስፈልገኛል" ብሎኝ ነው ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት።

ዘንድሮ አንድ ትልቅ ሆቴል ወይናችንን ሊገዛ ሆነና አባዬ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አሳተመ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ እንደ ወይን ሐረግ ስለተጠማዘዘ ማንበብ አቃተኝ። ስም መሆኑን ግን ነግሮኛል። የማን ይሆናል ታዲያ?

"ስሜን አሳምረኸዋል!" ስለው ፈገግ አለ። እኔም ስድስት መቶውንም አንድም ሳይጣመም ለጠፍኩ።

የሆቴሉ ሰውዬ መጣና አንዱን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ደጀኔ።"

ደጀኔ ወንድሜ ነው። አዳማ ባጃጅ ይነዳል፤ ወይናችንን የሚያየው ለፋሲካ መጥቶ ሲጠጣው ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ደጀኔ እኮ የጠርሙስ አፍና ቂጥ አይለይም!" አልኩ።

ሰውዬው ሳቀ። አባዬ አልሳቀም።

"አንቺ ነገ ባል አግብተሽ ትሄጃለሽ" አለኝ። "ወይኑ እዚሁ ነው የሚቀረው።"