የማይላላ መቃኛ

መሣሪያ ጠጋኙ የብረት መቃኛ አንስቶ ለክራር መቺው አሳየው። "ይኸውልህ፣ ጥርስ አለው። የእንጨቱን መቃኛ አውጥቼ ይኼን ከገጠምኩልህ፣ ሰርጉን ሙሉ ብትመታው ክሩ ንቅንቅ አይልም።"

ክራር መቺው አሮጌ ክራሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለችው ሚስቱ አንጓች። እሷ እየዘፈነች እሱ እያጀባት፣ ከሰርግ ሰርግ ሲዞሩ ነው ጸጉራቸው ገብስማ የሆነው። "ጨዋታው ሊደምቅ ሲል ክሩ እየላላ ስንቴ ሰው ሳቀብን? እኔስ መሀል ላይ ማቆሙ ሰለቸኝ።" ድምጿ መጨረሻው ላይ ሰለለ። ሳል ሲያፍናት ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። "የእንጨቱ ብናኝ ነው" አለች።

እሱ ክራሩን ትንሽ ሲደባብስ ቆየና "ይቅር" አለ። "የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው። ድምፁ ይበላሽብኛል።"

"አንተ ግትር" አለችው፤ ሰርጉ ቤት እስኪደርሱም አላናገረችውም።

ድንኳኑ ውስጥ አንጓች ዜማውን ስታንቆረቁረው ሙሽራው ሳይቀር ለእስክስታ ተነሳ። ክራር መቺው ግን ዓይኑን ከትከሻዋ ላይ አልነቀለም። ትንፋሽ ሲያጥራት ትከሻዋ ከፍ ከፍ እንደሚል ያውቃል። ከፍ ማለት ጀመረ።

ማንም ሳያየው ግራ እጁን ወደ ላይ ሰደደና የእንጨቱን መቃኛ ቀስ ብሎ አላላው።

"ይቅርታ ወገኖቼ፣ ይኼ ክራር ዛሬም አዋረደኝ።"

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። አንጓች በንዴት ገላመጠችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱም ትከሻዋ እስኪረጋ ድረስ፣ የተቃኘውን ክር መልሶ መላልሶ ሲቃኝ ቆየ።