በራሷ የምትቆመው መኪና

ለእየሩስ ሰርግ የመጣችው መኪና ከሐዋሳ የተከራየች ነበረች፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ነገር ሲጠጋት የምትጮህ። ሙሽራው አሮን ስለ እሷ አውርቶ አይጠግብም። ግድግዳ ወይም ሰው ከተጠጋች፣ ሹፌሩ ባይነካትም ፍሬን ራሷ ትይዛለች። ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያለው መኪና ሞልቷል ይላል። እሱ ግን መንዳት አይችልም።

ስለዚህ መሪውን የያዘው ደገፉ ነው፣ የሙሽራዋ እናት ወንድም። ደገፉ ሠላሳ ዓመት አይሱዙ ነድቷል። በክረምት ጭነት ይዞ የገሱባን መንገድ የወጣ ሰው ነው፤ በሶዶ ሹፌሮች ዘንድ ስሙ ይጠራል።

ቀኑ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር፣ 2010 ዓ.ም.። ጊዜው ጠባብ ነው። ቃል ኪዳኑ ሰባት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ፓስተሩ ለቀብር ወደ ቦዲቲ ይሄዳሉ። የእሳቸው ፊርማ ከሌለ ደግሞ ጋብቻ የለም። አሮን እሁድ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ፣ ማታውን ወደ ጆሃንስበርግ ነው። ዛሬ ካልተጋቡ ተመልሶ የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ከመጣ።

የእየሩስ አባት ኤርካሎ ለዚህ ሰርግ ዓመት ሙሉ ደክሟል። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር። ጆሃንስበርግም ዩኒቨርሲቲ አይጠፋም ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሁለት ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ ዝም አለች። ሙሽራ ማልቀሷ ምን አዲስ ነገር አለው?

ወደ ኤርካሎ ቤት የሚያስገባው በሁለት የብሎኬት አጥር መሃል ያለ ቀጭን መተላለፊያ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር፣ ቬሎው ጭቃ እንዳይነካው መኪናዋ በኋላ ማርሽ እስከ በረንዳው ትግባ ተባለ። ያኔውኑ አስቸገረች። አንድ ክንድ ትሄድና ጢጥ ጢጥ ብላ ቀጥ ትላለች። ደገፉ መሪውን ያስተካክላል፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ደግሞ ቀጥ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አሮን እየሳቀ ከሰው የተሻለ ታያለች አለ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ። እልልታው ቀለጠ፤ መኪናዋ ተነሳች። መተላለፊያው መሃል ስትደርስ ቆመች።

ደገፉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ከፊት የሚጨፍረው ሰው ገለል እንዲልለት ጠየቀ። ሰዉ ገለል አለ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ምናልባት አጥሩን አይታ ይሆናል ተባለና ስፖኪዮዎቹ ታጠፉ። ጎረምሶች ከኋላ ገፏት፤ እግራቸው ጭቃው ላይ ተንሸራተተ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ያ ጢጥ ጢጧም ጠፍቷል።

«አኩርፋለች» አለ ደገፉ ላቡን እየጠረገ።

አሮን ሐዋሳ ላለው ባለቤት ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

በሮቹ ቢከፈቱ እጅ እንጂ ሰው አያሳልፉም። ውስጡ ታፈነ። ቬሎው የኋላውን ወንበር ሞልቶ እየሩስን እስከ አንገቷ ውጧታል። አፏን የከፈተችው ስንት ሰዓት እንደሆነ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ሰባት ከሩብ። አሮን እጇን ይዞ አይዞሽ አላት፤ አንጀቱን በልታዋለች።

በመስኮት ትውጣ የሚልም ተገኘ። እናቷ አሳየሽ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ልጄ እንደ ሌባ በመስኮት ወጥታ አትዳርም» አለች። ማንም አልደፈራትም።

ሰባት ተኩል ላይ አሮን ትዕግሥቱ አለቀ። ኮቱን አውልቆ በመስኮት ወጣ፣ በጣራው ላይ ተንፏቆ ወረደ፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ፓስተሩን ለምኖ ለማቆየት በባጃጅ ከነፈ። መኪናዋ ውስጥ አጎትና የእህት ልጅ ብቻ ቀሩ።

ኤርካሎ ከመኪናዋ ፊት ቆሞ አንዴ ይለምናታል፣ አንዴ ይራገማታል። እኛ በበቅሎ ስንሰርግ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም አለ። ደገፉ ሞተሩን ያጠፋል፣ ያስነሳል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው በሰርግ ቀን እንዲህ ሲዋረድ ያየ ሁሉ አዘነለት። እየሩስ ደግሞ ሰዓት ጠየቀች። ለስምንት አሥር ጉዳይ።

ስምንት ከአሥር ላይ የኤርካሎ ስልክ ጮኸ። አሮን ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ፓስተሩ ሄደዋል። እግራቸው ላይ ቢወድቅም ሬሳ አይጠብቅም ብለውታል። ኤርካሎ ስልኩን እንደያዘ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አሳየሽ ክንዱን ይዛ አነሳችውና ጎረቤት ቤት አስገባችው። እንግዳውም አንድ በአንድ ተበተነ።

መተላለፊያው ጭር ሲል እየሩስ ወደ ፊተኛው ወንበር ጠጋ አለች።

«በቃ አጎቴ፣» አለችው በቀስታ፣ «አሁን እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ።»