ሦስተኛው ፎቶ

የምስጋና በዓል ዋዜማ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አዛውንቶች እንደ በየዓመቱ ልማዳቸው ተሰብስበው፣ በጣም ከቅርብ የተነሳ ፎቶ እያዩ የምን እንደሆነ ይገምታሉ። ኦርፋን የሚቀድማት የለም።

«የእንጆሪ ቆዳ!» አለች፤ ልክ ነበረች። ለሁለተኛው ፎቶ ባሏ አርቪድ አፉን ሊከፍት ሲል በክርኗ ጎሸመችው።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ያንተ አፍ እንደሆነ ለሾርባ ብቻ ነው የተፈጠረው። ፎቶው የማበጠሪያ ጥርስ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አርቪድ እንደ አርባ ዓመት ልማዱ አንገቱን ደፋ።

ሦስተኛው መጣ፤ የተጨማደደና የገረጣ ቆዳ፣ በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ።

«ይሄማ ለነገው በዓል የሚጠበሰው የተርኪ ዶሮ ነው! ሆዱን ሞልተው ሰፍተውታል» ብላ ኦርፋ ተንከተከተች።

ማንም አልሳቀም። ፎቶውን የምታሳየው የቄሱ ሚስት ሊኔያ፣ «አይደለም» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «አርቪድ፣ እርስዎስ?»

አርቪድ ቀና አለ። ሚስቱን አተኩሮ አያትና ፈገግ አለ።

«የኦርፋ አፍ ነው።»

«ልክ ነዎት!»

ሁሉም አጨበጨቡ።

ኦርፋ ልትሰድበው ተነሳች። ከንፈሯ አልላቀቅ አላት። በጣቷ ስትዳስሰው ክሩን አገኘችው።